«ማንበቡንስ አላነበብኩትም፤ ሰምቼዋለሁ»፦ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቀኖና

የአንድ ተወዳጅ ድርሰት አፍቃሪዎች «ይኸ እውነተኛው ነው፤ ያኛው አይደለም» እያሉ ሲከራከሩ የሥነ ጽሑፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጆሮ አይሰጥም። እኔም አልሰጥም ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ክርክሩ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አደባልቆ እንደያዘና ሦስቱም የየራሳቸው ዳኛ እንዳላቸው ነው።

መነሻዬ በ2017 ዓ.ም. ቂርቆስ አካባቢ በአንድ ቤት የሰማሁት ንግግር ነው። በዚያ ዓመት፣ ስሙን በጣልያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ያገኘው የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ የልጅነት ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ተነሥተው ልጃቸው ዘንድ ገብተው ነበርና ልጠይቃቸው ሄድሁ። ቡናው ተፈልቷል፤ በቴሌቪዥን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታታይ ፊልም ይታያል። ጉዱ ካሳ ብቅ ሲል እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ ጉዱ ካሳ አይደለም።»

የልጅ ልጃቸው ሣቀ። «እማማ፣ ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበውታል?»

«ማንበቡንስ አላነበብኩትም፤ ሰምቼዋለሁ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ።

ፍርዱ ቀላል መሰለኝ። «ዳኛው መጽሐፉ ነው» አልሁ። ይኸንኑ ቃል ከዓመታት በፊት በአንዲት ተማሪዬ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ በቀይ ጽፌው ነበር፤ ስለ ጉዱ ካሳ ስትጽፍ ወላጆቿ ከሬዲዮ የሰሙትን ትረካ መነሻ ስላደረገች ነጥብ ቀንሼባታለሁ። እማማ ግን በፍርዴ አልረኩም። «እሱ እንደዚህ አይናገርም» ብለው ዝም አሉ። ስወጣ ያልመለስሁላቸው ጥያቄ እንዳለ ተሰማኝ።

«ቀኖና» የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍቷን ቁጥር 81 ስትል፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ አቆጣጠሩ ግን ከአንድ በላይ ነው። የአንድምታ መምህራንም አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ፍቺውን ያበዛሉ። በአውሮፓም እንግሊዛዊው ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1911 የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎችን ስልት በቀልድ መልክ ለሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች ተጠቅሞበታል።

ወደ ፊልም ሲገባ ጉዳዩ ይከርራል። ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣውን «ስታር ዋርስ» በ1997 አሻሽሎ ሲያቀርብ፣ በመጀመሪያው ቅጂ ቀድሞ የተኮሰው ሃን ሶሎ በአዲሱ ከተተኮሰበት በኋላ የሚተኩስ ሆነ። ለውጡ የጥቂት ሴኮንዶች ነው፤ ገፀ ባሕርዩ ግን ጨካኝ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የሚከላከል ሰው መሰለ። በ2014 ደግሞ ባለመብቱ ሉካስፊልም ከፊልሞቹ ጎን ለጎን ለዓመታት የታተሙትን ልቦለዶች ከቀኖናው አውጥቶ «አፈ ታሪኮች» በሚል ስያሜ ለያቸው። አንባብያኑ ግን ያነበቡትን አላነበብንም ሊሉ አልቻሉም።

ወደ እኛው ድርሰት እንመለስ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቀ። እኛም ካዛንቺስ፣ በጋራ ግቢያችን፣ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን ሰምተነዋል።

እንግዲህ አንደኛው የጽሑፍ ጥያቄ ነው፦ ደራሲው ምን ጻፈ? እዚህ ላይ ዳኛው የታተመው መጽሐፍ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሁለተኛው የተያያዥነት ጥያቄ ነው፦ የተጨመረው ወይም የተቀነሰው ከታሪኩ ጋር ይገጥማል? ለምሳሌ በዛብህ እናቱ በብፅዓት ለእግዚአብሔር የሰጠችው ልጅ መሆኑ ቢቀር፣ ፍቅሩን የሚያግደው የዘርና የማዕረግ ልዩነት ብቻ ይሆናል፤ የውስጥ ግጭቱ ይጠፋል። የዚህ ዳኛ የታሪኩ ምክንያትና ውጤት ነው። ሦስተኛው የተደራሲ ጥያቄ ነው፦ ሕዝቡ በልቡ የያዘው የትኛውን ነው? የእማማ ጥያቄ ይኸ ነበር፤ እኔ ግን የአንደኛውን ዳኛ ጠራሁባቸው።

ከዚህም በላይ መጽሐፉ ራሱ ድምፅን የሚጠራ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም፤ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው ከአገባቡ ካልሆነ አይታወቅም። ሐዲስ ይኸን ተገንዝበው በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ምልክት አደረጉ። ምልክቱ ማጥበቅን ያሳያል፤ ምሬትን፣ ሽሙጥን፣ ቁጣን ግን አያሳይም። ጉዱ ካሳ የዘመኑን ሥርዓት ስለሚነቅፍ ሰዎቹ እብድ ይሉታል። ያው ንግግር በጥድፊያ ሲባል እብድ፣ ረጋ ብሎ ሲባል ጠቢብ ያደርገዋል። በስታር ዋርስ የጥቂት ሴኮንዶች ለውጥ ያደረገውን እዚህ ድምፅ ያደርገዋል። ስለዚህ የወጋየሁ ትረካ በንባቡ ላይ የተጨመረ አንድ «አንድም» ነው፤ ፊልሙም ሌላ «አንድም» ነው። አንዱ ሌላውን አይሽርም፤ ሁለቱም ግን ሊጠኑ ይገባል።

የሦስተኛው ጥያቄ ዳኛ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ያረጃል፤ ይበተናልም። የካዛንቺሱ ግቢያችን ፈርሷል፤ አብረውን የሰሙት በየአቅጣጫው ሄደዋል። የቀነስሁትን ነጥብ ዛሬ መመለስ አልችልም። ለቀጣዩ ቅዳሜ ግን መቅረጸ ድምፅ ይዤ እማማ ዘንድ ለመሄድ ቀጠሮ አለኝ። እኔ ልጅ ነበርሁና የማላስታውሰውን አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቃቸዋለሁ፦ ጉዱ ካሳ ሲናገር ግቢው ይሥቅ ነበር ወይስ ዝም ይል ነበር?