የቢልባኦ ሙዚየምና ከሥሩ ያለው የመሬት ሂሳብ

በሰሜን ስፔን የምትገኘው የባስኮች ትልቅ ከተማ ቢልባኦ ስሟ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው በጥቅምት 1997 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተውን የጉገንሃይም ሙዚየም ነው። አንድ ድንቅ ሕንፃ ቢያቆሙ ቱሪስት የሚጎርፍላቸው የመሰላቸው ከተሞችም ብዙ ናቸው። ሂሳቡን ለሚያውቅ ነጋዴ ግን ይበልጥ የሚያጓጓው ሕንፃው ያረፈበት መሬት ነው።

ከተማዋ ለመቶ ዓመት ያህል የኖረችው በብረት፣ በመርከብ ሥራና በወደብ ነበር። በ1980ዎቹ ገበያው ከዳት። የኤውስካልዱና መርከብ መሥሪያ በ1988 ተዘጋ፤ ከወንዙ በታች የነበረው የአልቶስ ኦርኖስ ብረት ማቅለጫም በ1996 ተከተለው። ወደቡ ወደ ባሕሩ አፍ በመውረዱ መሀል ከተማው ላይ ዝገት፣ ባዶ መጋዘንና የሐዲድ ግቢ ቀረ።

ይህ መሬት በአብዛኛው በወደቡ፣ በባቡር ድርጅቱና በሌሎች የመንግሥት ተቋማት እጅ ነበር። በ1992 ማዕከላዊው መንግሥትና የባስክ አስተዳደሮች ግማሽ ግማሽ ድርሻ ይዘው «ቢልባኦ ሪያ 2000» የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ባለይዞታዎቹ መሬቱን ያስረክባሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የፋብሪካው ቦታ ለመኖሪያ፣ ለቢሮና ለገበያ እንዲውል ይፈቅዳል፤ ኩባንያው አጽድቶ ለግንባታ ድርጅቶች ይሸጣል፤ በትርፉም መናፈሻና የባቡር መስመር ይሠራል። በዓመት በጀት ላይ አልተንጠለጠለም። ሙዚየሙ የሚገኝበት የአባንዶይባራ ሰፈር ብቻ 35 ሄክታር ያህል ነው።

ሙዚየሙ ለዚህ መሬት ውድ ማስታወቂያ ሆነ ቢባል አያሳስትም። ባስኮች ለግንባታው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኒውዮርኩ የጉገንሃይም ድርጅት ደግሞ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ሆቴሉና ምግብ ቤቱ አትርፏል። ሥራውን ላጣው ብረት ቀላጭ ግን የአስተናጋጅነት ደመወዝ ካሳ አይሆነውም። የባስክ አገር ዛሬም ከጠቅላላ ምርቱ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን የሚያገኘው ከኢንዱስትሪ ነው፤ ይህን ቱሪዝም ብቻውን አዳናት የሚሉ ሰዎች ሲዘሉት ይታያል።

የአሠራሩ ድካም የታየው ከ2008 በኋላ ነው። የስፔን የቤትና የመሬት ገበያ ሲወድቅ፣ በቦታ ሽያጭ ይተዳደር የነበረው ኩባንያ ገዢ አጣ፤ ሥራዎቹም ተጓተቱ። ሙዚየሙ ግን በእነዚያው ዓመታት እንኳ በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ያስተናግድ ነበር።