ፓምፕ ወይስ ጠብታ?

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጠዋት ከአፓርታማ የመጣ ቡችላ፣ ከሰዓት ደግሞ በከተማዋ ዳርቻ የምትታለብ ላም ሊያክም ይችላል። ሁለቱን እኩል የሚያገለግል የጉሉኮስ መስጫ ግን የለም።

ትናንሽ እንስሳት፦ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ለዕለት ፍላጎቱ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ በሰዓት 25 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንዱን ሚሊ ሊትር ወደ 60 ጠብታ በሚከፍል የጉሉኮስ መስመር (ቱቦ) ይህ በደቂቃ 25 ጠብታ ነው፤ ወደ 20 በሚከፍለው ግን 8 ገደማ ብቻ። ጠብታው ሲያንስ ትንሽ የቆጠራ ስሕተት ብዙ ያዛባል። ስለዚህ ለድመትና ለቡችላ ፈሳሹን በተወሰነ ፍጥነት የሚገፋ ፓምፕ ይመረጣል፤ የአየር አረፋና የመስመር መዘጋት ሲኖር የሚጮህ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ትላልቅ እንስሳት፦ 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም የክብደቷን 8 በመቶ ያህል ፈሳሽ ካጣች የጎደላት 32 ሊትር ነው። ይህን በሰዓት 1.2 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። እዚህ ወፍራም ካኑላ፣ ሰፊ ቱቦና ከፍ ያለ መስቀያ ይሻላሉ።

ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት የሚቀበለው መስመር በገበያ ሁልጊዜ መገኘቱን ያረጋግጡ፤ መስመር ያጣ ፓምፕ የመደርደሪያ ጌጥ ነው።