ዴር ሡልጣን፦ በጎልጎታ ሰገነት ላይ የቆየው የርስት ሙግት

ለሰቆጣና ለዋግ ሕዝብ ኢየሩሳሌም የሩቅ ሀገር ስም ብቻ ሆና አታውቅም። ዋግ በሚጎራበተው በላስታ ንጉሥ ላሊበላ ካሳነጻቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ጎልጎታ፣ በመካከላቸው የሚወርደውም ፈፋ ዮርዳኖስ ተብለው ሲጠሩ፣ በሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ያንኑ የሕንጻ ጥበብ ይመሰክራል፤ ዋግሹሞችም ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት እየቆጠሩ፣ በ1262 ዓ.ም. ግድም ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲመለስ ዋግ በርስትነት እንደ ተተወላቸው የሚናገረውን ትውፊት ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገዙበት ኖረዋል። እንዲህ ባለው ሀገር የተወለደ አንባቢ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በኢየሩሳሌም ስላላቸው ገዳም የሚደረገው ክርክር ለምን እስከ ዛሬ እንዳልበረደ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ።

ገዳሙ ዴር ሡልጣን ይባላል። የሚገኘው ጌታ በተቀበረበትና በተነሣበት ቦታ በታነጸው ታላቅ ካቴድራል፣ በቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ሰገነት ላይ ነው። መነኮሳቱ ዝቅ ባሉ ጠባብ ጎጆዎች እየኖሩ፣ የበጋውን ሐሩርና የክረምቱን ቁር ታግሠው፣ ማሕሌቱንና ኪዳኑን ሳያስታጉሉ ዘመናትን አሳልፈዋል። ከሰገነቱ ወደ ካቴድራሉ አደባባይ የሚያወርደው መተላለፊያ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ስም በተሰየሙት ሁለት ቤተ ጸሎቶች ውስጥ ያልፋልና፣ የእነዚህን በሮች ቁልፍ የያዘ ወገን የገዳሙን ጉሮሮ እንደ ያዘ ይቆጠራል። የግብጽ ቅብጦችና የእኛ መነኮሳት ያን ያህል ዘመን የተሟገቱትም ስለዚህ ነው።

በቀድሞው የሀገራችን ሥርዓት ርስት የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ይዞ ከዳኛ ፊት ይቆም ነበር፤ ዘሩን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥራል፣ ይዞታውን በሽማግሌ ያስመሰክራል፣ ከተገኘለትም በወንጌል ኅዳግ የተጻፈውን ስጦታ ያስነብባል። የዴር ሡልጣንም ሙግት የተመሠረተው በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ላይ ነው።

በዘር ቆጠራው ረገድ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የስሙን ሡልጣን ንጉሥ ሰሎሞን ነው ብለው፣ ቦታው ለንግሥተ ሳባ የተሰጠ ርስት መሆኑን ሲተርኩ፣ ቅብጦች ደግሞ የእስላም ሡልጣን ለአባቶቻችን የሰጠን ነው ይላሉ። በበኩሌ የሰሎሞንን ትውፊት በክብር ብቀበለውም፣ በዳኛ ፊት ከእርሱ ይልቅ ሊረዳን የሚችለው የነዋሪነታችን ታሪክ ነው ባይ ነኝ። የህንደኬ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም መውጣቱን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ይናገራል፤ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሄሮኒሞስም ከኢትዮጵያ የሚመጡ መነኮሳትን ይቀበሉ እንደ ነበር በመልእክቱ ጽፎአል፤ ሳላሕ አድ ዲን ከተማይቱን በ1180 ዓ.ም. ከያዘ በኋላም በነበሩት መቶ ዓመታት ኢትዮጵያውያን በካቴድራሉ ውስጥ የራሳቸው ቤተ ጸሎት ነበራቸው። የቱርክ መንግሥት በ1509 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ግን ግብሩ እየከበደ፣ ከሀገር የሚላከውም ርዳታ እየተቋረጠ ሄዶ፣ ድሆቹ መነኮሳት ያላቸውን ቦታ ሁሉ ባለጠጎች ለሆኑ ማኅበሮች እየለቀቁ በመጨረሻ ሰገነቱ ብቻ ቀራቸው።

ከደረሰው ጉዳት ሁሉ ልብ የሚሰብረው የ1830 ዓ.ም. መቅሠፍት ነው። ወረርሽኝ ገብቶ በገዳሙ የነበሩትን ኢትዮጵያውያን ከፈጀ በኋላ፣ መጻሕፍቱ በሽታ ያስተላልፋሉ ተብሎ ቤተ መጻሕፍቱ በእሳት ተቃጠለ፤ የይዞታው ሰነድም ከብራናው ጋር ዐመድ ሆነ። ሙግታችን ከሦስቱ እግሮች አንዱን ያጣው ያን ጊዜ ነው። ቀድሞ በጎንደር የነበረው፣ ከ1838 ዓ.ም. ጀምሮ በኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ለመነኮሳቱ ጥብቅና ቢቆምም፣ ቁልፉ በቅብጦች እጅ ገብቶ ቆየ። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው፣ ከከተማይቱ ግንብ ውጭ ያለው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የኢትዮጵያን ማኅበር አጽናንቶታል፤ ይሁን እንጂ የዴር ሡልጣንን ጥያቄ አላስረሳም።

ከዚያ ወዲህ የቁልፉ ነገር የመንግሥታትን ወዳጅነትና ጠብ ተከትሎ ሲዞር ታየ። ከተማይቱን ይገዛ የነበረው የዮርዳኖስ መንግሥት የካቲት 15 ቀን 1953 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ፈርዶ ቁልፉን አስረከበ፤ የግብጽ መንግሥት ግን በብርቱ ስለ ተቃወመ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ፍርዱ ታግዶ ቁልፉ ተመለሰ። በ1959 ዓ.ም. ጦርነት እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከያዘች በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት፣ ቅብጦች በካቴድራሉ ጸሎት ላይ ሳሉ መነኮሳቶቻችን የሁለቱን ቤተ ጸሎቶች ቁልፍ ለወጡ፤ የእስራኤል ፖሊስም በዚያው ነበረ። ቅብጦች ለእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብለው መጋቢት 7 ቀን 1963 ዓ.ም. ቁልፉ ይመለስላቸው ዘንድ ተፈረደ፤ ሆኖም የይዞታውን ዋና ጥያቄ መወሰን የመንግሥት ሥልጣን ነው ስለ ተባለ፣ ጉዳዩ ለሚኒስትሮች ጉባኤ ተመርቶ በዚያው ቀረ፤ ቁልፉም እስከ ዛሬ በእኛ መነኮሳት እጅ ነው። ነገሩ የሚያሳዝነው ሁለቱም ማኅበሮች ከአንድ የማርቆስ መንበር የተወለዱ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ከማግኘቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳቷን ከግብጽ ትቀበል የነበረች መሆኗ ነው። በ1994 ዓ.ም. አንድ የቅብጥ መነኩሴ ወንበሩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ስላዛወረ በተነሣው ጠብ መነኮሳት ቆስለው ሐኪም ቤት እስከ መግባት ደርሰዋል።

ሰገነቱን ከበው ያሉት ከተማና ሀገርም በዚሁ ዓይነት፣ ነገር ግን እጅግ ብዙ ደም በፈሰሰበት ክርክር ውስጥ ናቸው። አይሁድ ለአብርሃም የተሰጠውን ተስፋ፣ የሰሎሞንን መቅደስና የብዙ ዘመን ስደታቸውን ሲጠቅሱ፣ ፍልስጥኤማውያን ደግሞ አባቶቻቸው ለብዙ ትውልድ ያረሱትን እርሻና በ1940 ዓ.ም. ሰባት መቶ ሺህ የሚያህል ወገናቸው ተፈናቅሎ የተወውን ቤት ይጠቅሳሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በዚያው ዓመት ኅዳር ሀገሪቱን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት ዐሥር መንግሥታት አንዷ ነበረች። አቅኚው አባት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን፣ ዛሬ በምድሪቱ ላይ ለሚኖሩት ለሁለቱም ሕዝቦች ፍርድ ሊሰጥ አይችልም፤ የኖረ ሰው የኖረበትን ቦታ በትውፊት ብቻ ሊነጠቅ አይገባውምና። ይህን የምለው ለመነኮሳቶቻችን ስከራከር የያዝሁትን ሚዛን ለሌላውም መያዝ ስላለብኝ ነው።

የዋግ ካህናትና ሽማግሌዎች ሆይ፤ በየደብራችሁ ዕቃ ቤት ያለው ወንጌል፣ በኅዳጉ የተጻፈው የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የነገሥታቱና የዋግሹሞቹ ስም ዝርዝር፣ በኢየሩሳሌም የተቃጠለው ዓይነት ሰነድ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሀገራችሁን ሲያልፍባት ምን ሊጠፋ ይችል እንደ ነበር አይታችኋል። እንግዲህ ወጣት ዲያቆናት ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በእጃቸው ሳለ፣ እያንዳንዱ ገጽ በአለቃው ፈቃድና በካህናቱ ፊት ተነሥቶ፣ አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ ሁለተኛው በሰቆጣ፣ ሦስተኛውም በአዲስ አበባ እንዲቀመጥ ሥራውን ዘንድሮ ጀምሩ።