ሞዴስን በኩባያ መቀየር በሆሳዕና ያዋጣል?

ባለፈው ያሆዴ ቤታችን ሰው በሰው ነበር። እናቴ አተካናውን ታሰናዳለች፤ እኔ ደግሞ ምድጃው ጥግ በትንሽ ድስት ውሃ አፈላለሁ። እናቴ መጣችና ክዳኑን ከፍታ አየች። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የማን ልጅ ጡጦ ነው?" አለችኝ። እቤት ውስጥ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን የለም። አጎቶቼ ሳሎን ተቀምጠዋል። "ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ" ብዬ ክዳኑን መለስኩት።

ድስቱ ውስጥ የነበረው የወር አበባ ኩባያ ነው። ብዙዎቻችን እንዲሁ "ካፕ" እንለዋለን። ማታ እንግዳው ሲቀንስ ግን ጥያቄውን ያነሳችው እናቴ ሳትሆን የእህቴ ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፤ የምትኖረው ዶርም ነው፤ ሞዴስ መግዣው ከብዷታል። "አክስቴ፣ እኔም ልጀምረው?" አለችኝ። ሦስት ዓመት ያለ ችግር የተጠቀምኩበትን ነገር "አዎ፣ ጀምሪ" ለማለት አፌ ተያዘ። ለምን እንደተያዘ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ለሕክምና ዕቃ ከሚውል ሲልከን የተሠራ፣ የተገለበጠ ደወል የሚመስል፣ ከታች አጭር ጭራ ያለው ለስላሳ ኩባያ ነው። ታጥፎ ወደ ብልት ይገባል፤ እውስጥ ሲደርስ ተመልሶ ይከፈትና ዙሪያውን ይይዛል። እንደ ሞዴስ ደም አይመጥም፣ ያጠራቅማል። እንደ መጠኑ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ በጠቅላላው የሚፈሳት በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ80 ካለፈ በሐኪሞች ዘንድ "ብዙ" ይባላል። ቀኑን ሙሉ የሚያሳቅቀን ነገር ሲለካ ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም ማለት ነው! ስለዚህ ኩባያው እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ይወጣል፣ ይደፋል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። የወር አበባው ሲያበቃ ተቀቅሎ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይቀመጣል። በደንብ ከተያዘ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል።

አዲስ ፈጠራም አይደለም። ሊዎና ቻልመርስ የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ1937 የባለቤትነት መብት አውጥታበታለች። የያኔው ከጎማ የተሠራ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎማ ሲጠፋ ምርቱም ተቋረጠ። የዛሬው የሲልከን ኩባያ በስፋት የታወቀው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በአገራችን ሳራ ኤክሉንድ የመሠረተችው ኖብል ካፕ ነገሩን በማስተዋወቅ ይታወቃል። የእኔ ግን የመጣው በሆሳዕና መንገድ ነው፦ ደቡብ አፍሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ ለበዓል ከሚመጣ ሰው ጋር ከጫማና ከስልክ መሐል ጠቅልላ ላከችልኝ። መልእክተኛው ምን እንደተሸከመ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሥራዬ መንገድ የበዛበት ነው። ዛሬ ዱራሜ፣ ነገ ሺንሺቾ፣ ከነገ ወዲያ ሾኔ። በሞዴስ ዘመን የወር አበባዬ ከመስክ ቀን ጋር ሲገጥም ጭንቀቱ የሚጀምረው ከዋዜማው ነበር። መጀመሪያ ሱቅ፤ ባለሱቁ ሞዴሱን እንደ ሌባ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ያቀብለኛል። ከዚያ መንገዱ። ከዚያ መቀየሪያ ፍለጋ። በየወረዳው መሥሪያ ቤት ያየኋቸው ሽንት ቤቶች አንዱ በር ሲኖረው መቀርቀሪያ የለውም፣ ሌላው መቀርቀሪያ ሲኖረው የቆሻሻ መጣያ የለውም። ያገለገለውን ሞዴስ ወደ ጉድጓዱ መወርወር ቀላል ነው፤ ግን አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ ነውና አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል። እኔ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሆሳዕና እመለስ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በዲግሪዬ፣ ያገለገለ ሞዴስ ተሸክሜ ቅጥቅጥ ውስጥ ተቀምጬ!

ኩባያው ይህንን ቀረልኝ። ጠዋት ቤቴ አስገባለሁ፣ ማታ ቤቴ አወጣለሁ። በመሐል ያለው ቀን የእኔ ነው። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ እንኳ ሁለተኛ ነው።

ገንዘቡም ግን ቀላል አይደለም። በአንድ የወር አበባ 15 ሞዴስ የምትጨርስና በዓመት 13 ጊዜ የምታይ ሴት በዓመት 195፣ በአምስት ዓመት 975 ሞዴስ ትፈልጋለች። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የደረሰውን ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። አንባቢዋ በሰፈሯ ሱቅ ዋጋ ታባዛው። ኩባያው መጀመሪያ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው ብር ያስደነግጣል፤ ደሞዝተኛ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ታካክሰዋለች። ችግሩ ያንን የመጀመሪያ ብር በአንድ እጇ የማትይዘው ናት። ለእሷ በየወሩ አንድ እሽግ መግዛት ይቀልላታል፣ በድምሩ የበለጠ ብትከፍልም። ድህነት ሁሌም ውድ ነው የሚሸምተው።

አሁን ወደ ክፉው ወገን ልምጣ። መልመዱ ያስቸግራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አፍስሶብኛል፤ ሞዴስ ደርቤ ነበር የምሄደው። በመጀመሪያው ማታ ደግሞ ላወጣው ብሞክር እምቢ አለኝ። ጭራውን ብጎትት አይመጣም። "ውስጥ ጠፍቶ ቀረ፤ አሁን ሆስፒታል ሄጄ ምን ልበል?" ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። በማግስቱ የማውቃት ነርስ ስነግራት ሳቋ ሊገላት ደረሰ። "የኔ እህት፣ የት ይሄዳል? ከላይ የማኅፀን በር አለ፣ ከዚያ አያልፍም" አለችኝ። ዘዴው ጭራውን መጎተት አይደለም፤ ቁጢጥ ብሎ ተረጋግቶ እንደ ማማጥ መግፋት፣ ከዚያ የኩባያውን ሥር በሁለት ጣት ጨምቆ የያዘውን አየር መልቀቅ ነው። ያን ጊዜ ይወጣል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ያቺን ሌሊት በሰላም በተኛሁ ነበር።

የእኔ ብቻ አይደለም። ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት በ43 ጥናቶች የተካተቱ 3,319 ሴቶችንና ልጃገረዶችን መረጃ አሰባስቦ ነበር። ከሞከሩት ውስጥ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ መቀጠል ፈልገዋል፤ ማፍሰሱም ከሞዴስ የባሰ አልሆነም። ሆኖም ለመልመድ ጥቂት ወራት እንደሚወስድ ይኸው ጥናት ይገልጻል። በባክቴሪያ መርዝ ሳቢያ የሚመጣው "ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም" የተባለው አደገኛ ሕመም በኩባያ ተጠቃሚዎች ላይ ተመዝግቦ ያገኙት አምስት ጊዜ ነው። እጅግ ጥቂት ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ሽፍታና ራስን መሳት ከታየ ኩባያውን አውጥቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ማኅፀኗ ውስጥ ሉፕ ያስቀመጠች ሴት ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምረው፤ ኩባያው ሲወጣ ሉፑን ይዞት ሊመጣ ይችላል። የማኅፀን መውረድ ያለባት አትጠቀም። የወለደች ሴት የወሊድ ደም እስኪቆምና ሰውነቷ እስኪድን፣ ስድስት ሳምንት ያህል ትቆይ። በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ የሚጨመር አለ። ከእኔ እኩዮችና ከታላላቆቻችን ብዙዎቹ የተገረዙ ናቸው። ግርዛት በራሱ ኩባያ አይከለክልም፤ ጠባሳው መግቢያውን ካጠበበው ግን ያማል፣ እልህ መያዝ ደግሞ ያቆስላል። ሲስተሯ ትይልሽ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ምክርና ልምምድ ይፈታዋል። ውሃ ግን አይፈታም። ኩባያው የሚፈልገው ንጹሕ እጅ፣ ለማጠቢያ ንጹሕ ውሃና ለመቀቀያ አምስት ደቂቃ የሚፈላ ውሃ ነው። እኔ ግቢዬ ውስጥ ሮቶ አለኝ፤ ቧንቧው በጠፋ ሳምንት በጄሪካን አስቀዳለሁ። ሽንት ቤቴ ከውስጥ ይቆለፋል። ከተማችን ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ሠራተኛው ተጨምሯል፣ አንድ ሽንት ቤት ለስድስት ተከራይ የሆነበት ግቢ ግን ሞልቷል። የእህቴ ልጅ ዶርም ደግሞ? ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውሃው የመጣ ቀን ይመጣል። በአንድ እጇ ደም ያለበት ኩባያ፣ በሌላ እጇ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ይዛ፣ ውጭ ሦስት ሰው በሩን እያንኳኳ … ይህን ሳስብ ነው አፌ የተያዘው።

ሁለተኛው ምክንያት በገሃድ የማይነገረው ነው። "ድንግልናዋስ?" እናቴም በኋላ በሹክሹክታ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ሐቁ እንዲህ ነው፦ በተለምዶ የድንግልና ምልክት የሚባለው ስስ ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል፤ በስፖርትም በሌላም ሊለጠጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል፤ ኩባያም ሊለጥጠው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው አንዲት ሴት ግንኙነት መፈጸም አለመፈጸሟን በምርመራ መለየት የሚያስችል ሳይንሳዊ መሠረት የለም። ይህ ለእኔና ለእናንተ በቂ ነው። የጋብቻ ሽማግሌ ለሚልከው ቤተሰብ ግን በቂ ላይሆን ይችላል። ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ ናትና "ኋላ ቀርነት ነው" ብሎ ማለፍ ለእኔ ቀላል፣ ለእሷ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ከምባታ ስለ ሴት ገላ በአደባባይ መነጋገርን ለአገሩ ያስተማረ ምድር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ያረፉት ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 "ከምባቲ መንቲ ገዚማ"ን መሥርተው፣ ሽማግሌውን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ እናቱንና ወጣቱን በአንድ ጉባኤ አስቀምጠው ግርዛትን አነጋግረዋል። ልማዱም በእጅጉ ቀንሷል። አዋጅ ይዘው አልመጡም፤ ሰዉ ራሱ እስኪናገር ታገሡ። በዚያው አገር ዛሬም ሞዴስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መሸጡ ይገርመኛል።

ይህን የማነሳው በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ ያላችሁ አንባብያን ግንቦት 20 የወር አበባ ንጽሕና ቀን በመጣ ቁጥር ለተማሪዎች ምን እንደምታድሉ ስለምትመክሩ ነው። ካርቶን ሙሉ ኩባያ አምጥቶ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ያጓጓል። ኤሚሊ ኦስተርና ርብቃ ቶርንተን ኔፓል ውስጥ 198 ልጃገረዶችን ያሳተፈ ጥናት አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። ኩባያ የተሰጣቸው ልጆች ከትምህርት መቅረታቸው አልተለወጠም፤ ቀድሞም በወር አበባ ሳቢያ የሚቀሩት በዓመት ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም ነበር። ኔፓል ከምባታ አይደለችም፣ የእኛ ልጆች የሚቀሩበት ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ዕቃ ብቻውን በር ያለው ሽንት ቤትን አይተካም። ከኩባያ በፊት መቀርቀሪያ ግዙ፣ ጄሪካን ሙሉ።

በመሐል ሌላም አማራጭ አለ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ "ማርያም ሰባ" በተባለው ፋብሪካዋ የምታመርተው እየታጠበ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሞዴስ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤንን የዓመቱ ጀግና ሽልማት አስገኝቶላታል። እሱም ውሃና ሳሙና ይፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ መሰጣትም አለበት፤ ግን ወደ ውስጥ አይገባምና ለዶርም ልጅ ጭንቀቱ ያነሰ ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኳት፣ የድንግልናውንም ሳልደብቅ። ዕድሜዋ 21 ነው፤ ምርጫው የሷ ነው። ትንሽ አሰበችና "ኩባያውን ግዢልኝ፤ ግን እዚሁ ይቀመጥ። ክረምት ስመጣ እለማመድበታለሁ፤ ለዶርም የሚታጠበውን እይዛለሁ" አለች። እኔ ያላሰብኩትን አሰበች።

እናቴ ነገሩን ሁሉ ጥግ ሆና ሰምታለች። ጠዋት ስነሣ ትንሿን ድስት መደርደሪያው ላይ አጣኋት። አልጋዬ ሥር አስቀምጣልኛለች። "ከእንግዲህ ያንቺ ናት፣ ወተት አላፈላባትም" አለችኝ።