ከሰሉ የት ሄደ?

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሚዛን የማያውቀው ዕቃ የለም። ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቃቅሞ ያመጣው ቁርጥራጭ ብረት ይመዘናል፤ ቀጥቃጩ የሚያነደው ከሰልም በገንዘብ የተገዛ ነው። ማታ ላይ ግን ከዚያ ሁሉ ከሰል የሚተርፈው ጥቂት አመድ ነው። ብዙ ሰው «ነዶ አለቀ» ብሎ ያልፈዋል። አላለቀም።

ሕጉ አጭር ነው፦ በኬሚካዊ ለውጥ መጠነ ቁስ አይጠፋም፣ አዲስም አይፈጠርም። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በግልጽ አስፍሮታል። ብልሃቱ ዕቃውን ዘግቶ ጋዙንም ከሂሳብ ማስገባቱ ነበር። የእኛ ሚዛን የሚስተው ይህንኑ ጋዝ ነው።

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ወናፉ በቂ አየር ሲሰጠው፣ አንድ የካርቦን አተም ሁለት የኦክስጅን አተሞችን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በክብደት ሲሰላ 3 ኪሎ ካርቦን 8 ኪሎ ኦክስጅን ይወስድና 11 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል። ይህን ለአንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ሳጫውታቸው፣ «ልጄ፣ አየሩን በነጻ ስለማገኘው ስንት ኪሎ እንደምወስድ አስቤው አላውቅም» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። ብረቱም ያው ነው፤ 7 ኪሎ ብረት ሙሉ በሙሉ ብረት ኦክሳይድ ቢሆን 10 ኪሎ ይመዝናል። ዝገት ብረትን የሚያሳሳው እየተላጠ ስለሚረግፍ ነው።

አሁን ወደምቆጭበት ነገር ልግባ። አየር ሲያጥር ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። እኩልታው ሲጻፍ በግራ በኩል ሁለት የኦክስጅን አተም፣ በቀኝ በኩል አንድ ይሆናል። ቸኩሎ የሚሠራ ተማሪ በቀኝ ካለው ኦክስጅን ግርጌ ትንሽ 2 ይጨምርና «ተመጣጠነ» ይላል። ቁጥሩ እኩል ሆኗል፤ ነገር ግን ያ ልጅ አንዱን ጋዝ በሌላ ተክቷል። የግርጌው ቁጥር የነገሩ ማንነት ነው፤ አይነካም። የሚነካው ከፊት የሚጻፈው ብቻ ነው፦ 2 የካርቦን አተም፣ 1 የኦክስጅን ሞለኪውል፣ 2 የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል። ይህን ጊዜ 3 ኪሎ ካርቦን 4 ኪሎ ኦክስጅን ብቻ ወስዶ 7 ኪሎ ጋዝ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሂሳብ ልክ ነው፣ ሕጉም በሁለቱም ተከብሯል። ልዩነቱ ያለው በገባው አየር መጠን ነው። የመጀመሪያው ጋዝ እኛም ስንተነፍስ የምናወጣው ነው። ሁለተኛው ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በክረምት ብርድ ምድጃ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ቤተሰቦችን የሚገድለው እሱ ነው። «ጭሱ አልፏል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ የሚገድለው የማይታየው ነውና።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ እኩልታ ማመጣጠንን የቁጥር ጨዋታ አድርጋችሁ አታስተምሩ። ከፊት የሚጻፈው ቁጥር ምድጃው ስንት አየር እንደሚፈልግ ይናገራል። ተማሪው ያንን ካወቀ፣ ማታ እናቱ ምድጃ ስታስገባ መስኮቱን ለምን መክፈት እንዳለባት በኪሎ አስልቶ ይነግራታል።