ከጥላሸት የወጣችው ኳስ

ሳንሱሲ መንገድ ዳር በማዳበሪያ የሚሸጠው ከሰል፣ ከድስት ሥር የምንፍቀው ጥላሸት፣ የልጆቻችን እርሳስ ጥቁር እምብርትና የቀለበት አልማዝ ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም በአብዛኛው ካርቦን ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠሩ ናቸው። የሚለያዩት በአተሞቹ አያያዝ ነው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አተም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በየአቅጣጫው ስለተቆላለፈ ጠንካራ ነው። የእርሳሱ ግራፋይት ግን እንደ እንጀራ የተነባበረ ስለሆነ፣ ገጹ እየተንሸራተተ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሮበርት ከርልና ሪቻርድ ስሞሊ አሜሪካ በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ግራፋይትን በሌዘር አትንነው ሲመረምሩ ሌላ ዘመድ አገኙ። 60 የካርቦን አተሞች ተያይዘው ውስጧ ባዶ የሆነች ኳስ ሠርተዋል። ልጆቻችን ሜዳ ላይ የሚያንከባልሉትን ባለ ጥቁርና ነጭ ኳስ ያስታውሱ፤ እንደዚያው 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች አሏት። ክብ ጣሪያ ያላቸውን ሕንፃዎች በነደፈው በበክሚንስተር ፉለር ስም ፉለሪን ተባለች። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ኳሷ እጅግ ደቃቅ ናት፤ ሚሊዮን ያህሉ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። ውሃ ውስጥ አትሟሟም። ቶሉዊን በሚባለው ፈሳሽ ስትሟሟ ግን ያ ጥቁር ዱቄት ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ትልቁ ጠባይዋ ኤሌክትሮን በቀላሉ መቀበሏ ነው። ለፀሐይ ኃይል ሥራ የተፈለገችውም በዚህ ነው፤ ፖሊመሩ ብርሃን ሲውጥ የሚለቀውን ኤሌክትሮን እሷ ትቀበለዋለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ወንድማገኝ ማሞም ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር በዚህ ዓይነት የፀሐይ ሴል ላይ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አሳትመዋል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን እናት ከውጭ የተላከላቸውን ጠርሙስ አሳዩኝ፤ ፉለሪን የተቀላቀለበት የወይራ ዘይት ነው። «ሲስተር፣ ዕድሜ ያረዝማል አሉኝ፤ የግፊት ክኒኔን ትቼ ይህን ልያዝ?» አሉኝ።

ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ጥናት ነው። ዘይቱን የወሰዱ ጥቂት አይጦች ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ጨመረ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ግን የአይጦች ዕድሜ እንዳልረዘመ አሳየ። ጭራሽ ብርሃን ያገኘው ዘይት አይጦቹን አሳመመ፤ ገደለም። ፉለሪን ብርሃን ስትውጥ በዙሪያዋ ያለውን ኦክስጅን ወደሚጎዳ ዓይነት መለወጥ ትችላለች። ለፀሐይ ሴል የምትጠቅም ነገር ሁሉ ለሆድ ትጠቅማለች ማለት አይደለም።

ለእኚህ እናት የመለስኩትን ለእናንተም እላለሁ። አዲስ «ተአምር» ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በሰው ላይ ተፈትኗል? ለየትኛው በሽታ? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያውቀዋል? መልሱ ካልተገኘ ጠርሙሱ ይቀመጥ። የግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ለአንድ ቀንም አታቋርጡ። ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ ድንገት ይጥላል፤ ዕድሜ የሚያሳጥረውም ይኸው ነው።