ከሉጎጎ የኋላ መስመር እስከ አሰልጣኝ ወንበር

ካምፓላ ውስጥ ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ መጋዘኖች ወጥቶ የጂንጃ መንገድን የተሻገረ ሰው ሉጎጎ ይደርሳል። የማዘጋጃ ቤቱ ክለብ የኬሲሲኤ ሜዳ እዚያ ነው። ኢብራሂም ሴካግያ የዚህን ክለብ ማሊያ ለብሶ ሲጫወት ቆይቶ በ2001 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ አርጀንቲና ተሻገረ። በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ጀምሮ አርሴናል ደ ሳራንዲ ደረሰ፤ በ2007 የኦስትሪያው ሬድ ቡል ሳልዝበርግ ወሰደው።

ሴካግያ የመሐል ተከላካይ ነበር። አጥቂ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ኳስ ይጠብቃል፤ የመሐል ተከላካይ ግን ጨዋታው ሁሉ ከፊቱ ነው። ማን ቦታውን እንደለቀቀ ቀድሞ የሚያየውም፣ ጮኾ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ለአሰልጣኝነት የሚያበቃው ትምህርት ግማሹ እዚህ አለ።

ሌላውን ግማሽ ለማየት የ2012 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያን እናስታውስ። ሴካግያ አምበል የነበረባት ዩጋንዳ በ6 ጨዋታ የተቆጠረባት 2 ግብ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አንጎላ ላይ። ኦክቶበር 8 ቀን 2011 በሜዳዋ ናምቡሌ ስታዲየም ኬንያን ማሸነፍ ነበረባት፤ 0 ለ 0 ወጣች። አንጎላ በ1 ነጥብ በልጣ አለፈች፣ አምበሉም ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። እኔ ከዚህ ማጣሪያ የምረዳው፣ ግብ አለማስተናገድ ብቻውን እንደማያሳልፍ ነው። አሰልጣኝ መሆን የሚፈልግ ተከላካይ ግብ የሚገኝበትን መንገድ እንደ አዲስ መማር አለበት።

ሴካግያ ይህን ለመማር ጥሩ ቦታ ላይ ነበር። ሳልዝበርግ ሲገባ አሰልጣኙ ጆቫኒ ትራፓቶኒ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ የኋላ መስመርን የሚያጠብቅ ሰው። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ሮጀር ሽሚት መጣ፤ ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት እዚያው ፊት ላይ ተሯሩጦ መልሶ መንጠቅን የሚያስተምር። አንድ ተጫዋች እነዚህን ሁለት ተቃራኒ አስተሳሰቦች በአንድ ክለብ ውስጥ አየ፤ በመካከሉም በ2009፣ በ2010 እና በ2012 የሊግ ሻምፒዮን ሆነ።

በ2013 ወደ ኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ ተዛወረ፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም እዚያው ቀረ። ወዲያው ዋና አሰልጣኝ አልሆነም፤ ዓመታትን በረዳትነት አሳለፈ። ከዚያ የሁለተኛው ቡድን ዋና አሰልጣኝነት ተሰጠው። ክለቡና ሳልዝበርግ ሁለቱም ከሬድ ቡል ኩባንያ ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው የአጨዋወት አስተሳሰባቸውም አንድ ነው፤ ስለዚህ ለወጣቶቹ ያስተማረው እሱ ራሱ በተጫዋችነት የኖረበትን ነበር።

በእኛም አገር ሆነ በጎረቤቶቻችን፣ ስመ ጥር ተጫዋች ካቆመ በኋላ ያለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ ወይ በስሙ ብቻ ዋናውን ቡድን መረከብ፣ ወይ መረሳት። ክለቦቻችን ሦስተኛውን መንገድ ይክፈቱ፤ ጫማቸውን ለሚሰቅሉ አምበሎች በወጣት ቡድኖቻቸው ደመወዝ ያለው የረዳት አሰልጣኝነት ቦታ ይስጡ።